ከጣርማ በር የሚታይ ቤት

በትምህርት ቤታችን የጉዞ ቀን የሚባለውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሆነው ሁሉ በኔ እጅ ጽሑፍ ስለተጀመረ ነው።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ተማሪዎቹ ግን "ቲቸር" ይሉኛል። አስተማሪ አለመሆኔን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስረዳ ቆይቼ ደከመኝና ተውኩት። ከሰው ይልቅ ከመጽሐፍ ጋር ነው የምታወራው ይሉኛል፤ እውነት ነው። ነገር ታጠብቃለች ይሉኛል፤ እሱም እውነት ነው። ከቢሮ የሚወጣ ማስታወቂያ በኔ በኩል ካላለፈ አይለጠፍም፤ ፊደል የገደፈ ወረቀት ግድግዳ ላይ ካየሁ ምሳ አይበላልኝም።

ርዕሰ መምህሩ በዕድሜ ታናሼ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ቢሮው አስጠራኝ።

"እትዬ፣ ዘንድሮ እንኳ መንገዱ ሰላም ነው። እነዚህን ልጆች አንድ ቀን ከግቢ እናውጣቸው። ሦስቱም ክፍል በአንድ ቀን ወጥቶ በአንድ ቀን ይግባ። ይህን ከርስዎ በቀር ማን ይችለዋል?" አለኝ። "ዘጠነኛ ክፍል ቀወት፣ የመስኖ እርሻ። አስራ አንደኛ ለታሪክ ትምህርታቸው አሊዩ አምባ፣ የጥንቱን ገበያ ይዩ። አስረኛን ደግሞ…"

"ጣርማ በር" አልኩ።

ጥያቄውን እንኳ አላስጨረስኩትም። ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል።

አባቴ ቀወት ውስጥ ገበሬ ነበር። ማሽላና ማሾ ይዘራል። እኔ የመጀመሪያ ልጁ ስለሆንኩ ማሽላው ማሸት ሲጀምር ወፍ ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። ሌላው ልጅ ትምህርት ቤት ሲውል እኔ ማሳው መሀል፣ ማማ ላይ ቆሜ ወንጭፍ ሳጮህ እውላለሁ። ከማማው ላይ ወደ ምዕራብ ስመለከት ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል። አናቱ ላይ ጉም ይተኛል፤ ጉሙ ሲገለጥ ወደ ጣርማ በር የሚወጣው መንገድ እንደ ክር ተጠማዞ ይታያል። መኪና ሲያልፍበት መስታወቱ አንዴ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ወፉ ማሽላውን የሚጨርሰው እኔ ያንን ብልጭታ ስጠብቅ ነበር።

አባቴ እዚያ ላይ የቆመው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሬ ሊሸጥ ደብረ ብርሃን ሄዶ ሲመለስ፣ የተሳፈረበት የጭነት መኪና፣ መንገዱ ተራራውን በስቶ በሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ተበላሸ። እስኪሠራ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ሲያይ ዋለ። ብርዱ ሲጠናበት ከአንድ ደገኛ ላይ ጋቢ ገዛ። በማግስቱ በዚያ ጋቢ ተጀቡኖ፣ በኛ ሙቀት ላቡ እየተንቆረቆረ ቤት ገባና፣

"ቤታችንን አየሁት" አለኝ። "ጭሱ ሲወጣ አየሁት። አንቺ በር ላይ ቆመሻል።"

"እኔን?"

"ቀሚስሽን አየሁት እኮ ነው የምልሽ! ቀይዋን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ላይ መቆም ልማድ ሆነብኝ። ማን ያውቃል፣ ሌላም ሰው ከላይ ሆኖ ሊያየኝ ይችላል።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከተማ ገብቼ፣ ሰው ቤት እየሠራሁ፣ በማታ ትምህርት። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የቀን ተማሪዎቹ ጣርማ በር ሊሄዱ ነው ሲባል ሰማሁና ስሜን ላስመዘግብ ሄድኩ። የሚመዘግበው አስተማሪ ቀና ብሎ አየኝ። "የማታ ተማሪ ጉዞ የለውም" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሕጉን ነው የነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ለኮሌጅ ደብረ ብርሃን ስመላለስ በዋሻው ብዙ ጊዜ አልፌአለሁ። አውቶቡስ ግን እዚያ አይቆምም። አንዳንዴ ጉም ይከልለዋል፤ አንዳንዴ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰው መጋረጃውን ስቦ ይተኛል። አባቴ ሞተ። ቤታችን ፈረሰ፤ ማሳው ለሌላ ሰው ሆኖ ዛሬ ሽንኩርት ይበቅልበታል። እኔ ግን አባቴ በተቀመጠበት ድንጋይ አጠገብ ቆሜ ቤታችን የነበረበትን ቦታ አንድ ጊዜ ቁልቁል ማየት እፈልግ ነበር። ከጣርማ በር ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ለርዕሰ መምህሩ የነገርኩት ስለ መልክዐ ምድር ትምህርት ነው።

ሁለት ሳምንት ደከምኩበት። ሦስት መኪና ተገኘ፤ ለአስረኛ ክፍል የደረሰው ቅጥቅጥ ነው። የስም ዝርዝሩን በሦስት ቅጂ ጻፍኩ። የወላጅ ፈቃድ ሰበሰብኩ፤ መፈረም የማይችለው በአውራ ጣቱ አተመ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አስራ ሁለት ጥያቄ ያለበት ወረቀት አዘጋጀሁ፤ ለሚያስመልሰው ፌስታል፣ የውሃ ጀሪካን፣ የሰዓት ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ "ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት፣ ጠመዝማዛው መንገድ" ብዬ ጽፌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት።

የቅጥቅጡ ሹፌር የደብረ ሲና ሰው ነው፣ ጎልማሳ፣ ቀልደኛ። መንገዱን ልጠይቀው ስሄድ ዓይኑን አፍጥጦ፣ "እትዬ፣ እናንተ ቆለኞች ብርድ አታውቁም" አለኝ። "ባለፈው ሳምንት ዋሻው አፍ ላይ ቆሜ የገዛ እጄን አላየሁም። አንዱ ልጅ ደርቆ ቢቀርብዎት ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት።"

አመንኩት። እኛ ቆለኞች ስለ ደጋ ብርድ የተነገረንን ሁሉ እናምናለን። ከጣርማ በር የተመለሰ ሰው ሁሉ ጆሮውን እዚያ ጥሎ ሊመጣ ምንም እንዳልቀረው ያወራል፤ ሰሚውም በሠላሳ አምስት ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ከዝርዝሩ ግርጌ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ "ሹራብ ወይም ጋቢ ያልያዘ ተማሪ አይሳፈርም።"

ርዕሰ መምህሩ አንብቦ እስክሪብቶውን ነከሰ።

"'ቢይዝ ይመረጣል' ብንለውስ?"

"ይመረጣል ካልን ማንም አይዝም።"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ሸዋ ሮቢት ነው። ሹራብ ያለው ማን ነው?"

"ጋቢም ብያለሁ።"

ፈረመበት።

የጉዞው ቀን ጠዋት ሁለቱ መኪናዎች በሰዓታቸው ወጡ። የኛዎቹ ደግሞ ለብሰው መጡልኝ! አንዱ የአጎቱን የወታደር ካፖርት፣ አንዷ የአልጋ ልብስ፣ ሌላው ባለ አበባ ብርድ ልብስ ተከናንቦ። በባጃጅ የምታልፍ ሴት አንገቷን አውጥታ፣ "ምነው ልጆች፣ ሆስፒታል ነው የምትሄዱት?" ብላ አላገጠችባቸው። ሁለት ወንዶች ባዶ እጃቸውን መጡ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ቤታቸው እዚያው ከተማ ስለሆነ እየሮጡ ሄዱ፤ ሃያ ደቂቃ ጠበቅናቸው። ብርድ ልብስ ተሸክመው ሲመለሱ ተጨበጨበላቸው።

የመጨረሻዋ ከቀወት ገጠር የምትመጣ ልጅ ናት። በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል በእግሯ ትመጣለች፤ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ሃያ ሳይሞላት አይቀርም። ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ መሆኑን ሳትነግረኝ ነው ያወቅሁት። ስታነብ ጣቷን ከመስመሩ ላይ አታነሳም፤ እኔም እንደዚያ ነኝ። ንጹሕ ሂጃብ አድርጋለች። በእጇ ዳቦ የያዘ ፌስታልና ሁለት ሎሚ አለ።

"ሹራብሽስ?"

"እኛ ቤት ሹራብ የለም ቲቸር።"

"ጋቢ?"

"ያለው አንድ ነው። አባቴ የመስኖ ውሃ ተራው ሆኖ ለብሶት ወጣ።" ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠለች። "እኔን አይበርደኝም፣ ወላሂ። አትውረጂ ካሉኝም አልወርድም። በመስኮት አያለሁ።"

"ትግባ ቲቸር!" አለ ከመኪናው ውስጥ ካፖርት የለበሰው። "እኔ አጋራታለሁ!"

መኪናው በሳቅ ተናጋ። ልጅቷ አቀረቀረች።

የአባቴ ጋቢ ክንዴ ላይ ነበር። ዓይኗ አንድ ጊዜ ጋቢው ላይ ዐረፈና ተነሣ። እኔ ሁለቱን ወንዶች አሰብኩ፤ ሮጠው ያመጡትን። ለነሱ ያልላላ ለሷ ቢላላ ወረቀቱ ምን ዋጋ አለው? ጋቢውንም አሰብኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በልቤ እዚያ ድንጋይ ላይ የቆምኩት ያንን ጋቢ ለብሼ ነው።

"ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱን ሎሚ ዘረጋችልኝ። "ለሚያስመልሳቸው" አለች።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ፊቴን ወደ ፊት አዙሬ ተቀመጥኩ። ግን በሹፌሩ መስታወት ውስጥ የግቢው በር ላይ ቆማ አየኋት።

ሽቅብ ስንወጣ ልጆቹ ማስመለስ ጀመሩ። ደብረ ሲና ላይ ለመቆም ተገደድን። ሎሚዎቹን ቆርጬ እያስሸተትኳቸው አንድ ሰዓት ሄደብን። ሹፌሩ ጎማውን በእግሩ እየመታ መጣ።

"ያቺን ልጅ ምን አድርጋ ነው ያስቀሯት?"

"የሚለበስ አልያዘችም።"

ክንዴ ላይ ያለውን ጋቢ በአገጩ አመለከተኝ። "ጋቢ እኮ ሁለት ሰው ያለብሳል እትዬ። እኛ መንገድ ላይ ያገኘነውንም ሰው ከጎናችን እናስገባለን።"

"ታዲያ ይህን እዚያው አትነግረኝም ነበር?"

"እርስዎ ፊትዎን ሲያኮሳትሩ ማን ይናገራል?"

ጋቢ ለሁለት እንደሚለበስ አላወቅሁም ነበር። ቆላ ውስጥ ጋቢ የሚያጋራ ብርድ የለም፤ አባቴም እንደ ክት ልብስ በሣጥን ነበር የሚያስቀምጠው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ገና ደብረ ሲና ነበርን። ወደ ላይ ስንወጣ መልሼ መላልሼ ያሰብኩት ያንን ብቻ ነው።

ጣርማ በር አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረስን። ጉም የለም። ነፋስ የለም። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል፤ ፀሐዩ ጀርባን ይልሳል። ልጆቹ ከመኪና እንደወረዱ መጀመሪያ ያደረጉት ካፖርቱንና ብርድ ልብሱን አውልቆ መጣል ነው። መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ ሴት ክምሩን አይታ፣ "ይህን ሁሉ ልትሸጡልኝ ነው ያመጣችሁት?" አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሹፌሩ ራሱን እያከከ፣ "ዛሬስ አዋረደኝ" አለ። ከኔ ራቅ ብሎ ቆመ።

ጋቢውን አልለበስኩትም። አላስፈለገኝም። እንደታጠፈ ክንዴ ላይ ከበደኝ።

ገደሉ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አገኘሁ። የአባቴ ድንጋይ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም። ቆምኩበት። የይፋት ቆላ ከሥሬ ተዘርግቷል። ልጆቹ ጥያቄዬን ረስተው ጣታቸውን ዘርግተዋል። "ያውና የኛ ቤት!" "አይደለም፣ እሱ የኛ ነው!" "ቲቸር፣ የርስዎስ?" አንድ የቆርቆሮ ብልጭታ ለሦስት ሲካፈሉ ሰማሁ።

እኔ በሥርዓት ፈለግሁ። መጀመሪያ የሮቢን ወንዝ አገኘሁ፤ ነጭ የአሸዋ መስመር። ወንዙን ተከትዬ የማንጎውን አረንጓዴ አገኘሁ። ከማንጎው ወዲያ ቤታችን ነበር። ከማንጎው ወዲያ ግን ሁሉም አንድ ነው፤ ቢጫና አቧራማ፣ የሙቀቱ ብዥታ ጠርዙን የበላው። ዓይኔን ጠበብ አድርጌ አየሁ፤ በእጄ ከልዬ አየሁ። ከዚያ ርቀት ቤት አይታይም። ጭስም አይታይም። የሕፃን ቀሚስማ ጭራሽ።

አባቴ ምንም አላየም። ቀኑን ሙሉ በብርድ ተቀምጦ ፈለገን፣ አላገኘንም፣ ቤት ገብቶ አየኋችሁ አለ። ይህ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ በአርባ ሰባት ዓመቴ። የምጠይቀው ሰው ግን የለም። እንዲያ ናፍቆኝ አያውቅም። ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ ቤታችንን መፈለግ ተወና ከሸዋ ሮቢት ወደ ቀወት ገጠር የሚሄደውን የእግር መንገድ ይፈልግ ጀመር። እሱም አይታይም።

ሰኞ ዕለት ልጅቷ መጽሐፍ ልትመልስ መጣች። ይቅርታ ልላት ሌሊቱን ሳላስበው አላደርኩም፤ ግን ቀደመችኝ።

"ቲቸር፣ አየኋችሁ እኮ!"

"የት?"

"ከሰፈራችን በላይ ጉብታ አለች፤ እሷ ላይ ወጥቼ ጠበቅሁ። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ስትደርሱ መስታወቱ አብለጨለጨ። አንዴ ከታች፣ አንዴ መሀል ላይ፣ አንዴ ከላይ።"

"እኛ መሆናችንን በምን አወቅሽ?"

"ሰዓቱን ለጥፈውት የለ! ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት። ልክ በሰዓቱ ነው ያበራው። የርስዎ ሰዓት መቼ ይዛባል?" ፊቷ በርቷል። "እናንተ ነበራችሁ አይደል?"

በዚያ ሰዓት እኛ ደብረ ሲና እንኳ አልደረስንም። ለሁለት ወንዶች ብርድ ልብስ ሃያ ደቂቃ ጠብቀን፣ ገና ዳገቱ ሥር ነበርን። ያየችው የሌላ ሰው መኪና ነው። ሰው ሰዓት ሲሳሳት ዝም ብዬ አላውቅም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አለ።

"አዎ፣ እኛ ነበርን" አልኳት።

ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ ይቅርታዬን ብናገረው ምን እንደሚያበላሽ ስለማላውቅ ሳልናገረው ቀረ። ጋቢውን ግን ወደ ቤት አልመለስኩትም፤ ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት፣ በሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ለሁለት እንለብሰዋለን ብዬ።

በዓመቱ ጉዞ አልነበረም። የአስራ አንደኛ ክፍል ምዝገባ ዝርዝር ሲመጣልኝ ስሟን ሦስት ጊዜ ፈልጌ አጣሁት። መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ግን ቆማ አገኘኋት፤ ትልቅ ቦርሳ ይዛለች፣ አረንጓዴ ሹራብ እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"ደብረ ብርሃን ልሄድ ነው ቲቸር። አክስቴ የምትሠራበት ፋብሪካ ሥራ ተገኘልኝ። መጽሐፍ ቀርቶብኝ ነበር።"

"ትምህርቱስ?"

"በማታ እቀጥላለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

መሳቢያውን ከፍቼ ጋቢውን አወጣሁ።

"ኧረ ቲቸር! ሹራብ አለኝ እኮ፤ አይታይዎትም?"

"ታዲያ አሁን አውልቂው። ጣርማ በር ስትደርሺ ትለብሺዋለሽ።"

"አይ" አለች፣ "መልሰው እንዳያስቀሩኝ።"

ሳቀች። ቂም የለበትም፤ እንዲያው ቀልድ ነው። ጋቢውን አጥፌ ክንዴ ላይ አደረግሁት።

"መኪናሽ በስንት ሰዓት ነው?" አልኳት።

"ሁለት ሰዓት።"

"እንግዲያው ከሦስት ተኩል እስከ አራት ጠመዝማዛው ላይ ትሆኛለሽ። አይቆምም፤ እንዳትተኚ። ከዋሻው በፊት ዞር ብለሽ እዪ።"

"አያለሁ። ይሄን ቤተ መጻሕፍት ነው የምፈልገው። ጣራው አረንጓዴ ነው አይደል?"

"አረንጓዴ ነው።"

ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ከዚያ እንደማይታይ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን አንባቢዎቹን ትቼ ወጣሁና የአባቴን ጋቢ ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ነጭ ነው፣ ከራቀም ይጎላል። ፀሐዩ ከወዲሁ ያቃጥላል፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ተራራው ላይ አንድ መስታወት ብልጭ አለ፤ ቆየት ብሎ ሌላ።

አንድ ተማሪ ከውስጥ ብቅ ብሎ አየኝ። "ቲቸር፣ አመመዎት እንዴ?"

"አላመመኝም" አልኩት። "ግባና አንብብ።"

አራት ሰዓት እስኪሞላ እዚያው ቆምኩ።